የመልስ ቪዲዮው ተመልሶ መጣብኝ፤ ድምፁ ከአፍ ይቀድማል

ካሜራ ያዥ ከአዳማ፦

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ ሰርግ፣ መልስና ክርስትና ስቀርጽ ሦስት ዓመቴ ነው። እስካሁን ደንበኛ የተቆጣኝ ሥራ ባዘገየሁ ጊዜ ብቻ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን የአንድ ሙሽራ ታላቅ ወንድም መጣና ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «አያታችን ሲመርቁ ድምፃቸው ከአፋቸው ይቀድማል፤ ሌላ ሰው የሚናገርላቸው ይመስላል» አለኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ አሳየሁት፤ ማዳመጫዬንም አውልቄ ጆሮው ላይ አደረግሁለት። ምንም ነውር የለበትም። «የእናንተ ቴሌቪዥን ነው» አልኩት። ሰውየው አልተከራከረኝም። ፍላሹን አነሣና ከሱቄ ጎን ወዳለው ካፌ ይዞኝ ሄዶ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ላይ ሰካው። አያትየው «ውለዱ፣ ክበዱ» ይላሉ፤ ቃሉ ከወጣ በኋላ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አስተናጋጇ ሳትቀር ሳቀች።

የቀረጽኩት እንዲህ ነው። ዋናው ካሜራ አዳራሹ መጨረሻ ላይ በትራይፖድ ቆሟል። ከመድረኩ ያለውን ርቀት በማግስቱ ተመልሼ በእርምጃ ለካሁት፤ 28 ሜትር ገደማ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ነጠላ ምስል ነው የሚቀርጸው። ካሜራው 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላው ራሱ ይቆማል፤ እኔ እንደገና እጫናለሁ። ስለዚህ አራት ፋይል አለኝ። ድምፁን የቀዳሁት የዲጄው ሚክሰር ላይ በተሰካ መቅረጫ ነው፦ ዋቭ፣ 48 ኪሎኸርትዝ (በሰከንድ 48 ሺህ የድምፅ ናሙና)፣ ሳይቋረጥ 1 ሰዓት ከ46 ደቂቃ። በተጨማሪም ስልኬን ከመድረኩ ሥር በስተግራ አቁሜ ነበር፤ እሱ በ30 ፍሬም ያለማቋረጥ ቀርጿል።

የካሜራውንና የመቅረጫውን ድምፅ ፕሮግራሙ ራሱ ሞገዳቸውን (በመስመር የተሳለውን የድምፁን ቅርጽ) እያየ እንዲያገጥም አዘዝኩት። ሳዳምጠው ድምፁ ዘገየብኝ። ስለዚህ የመቅረጫውን ድምፅ በሙሉ ሰባት ፍሬም ወደፊት አቀደምኩት፤ ከዚያ በኋላ ከከንፈር ጋር ልክ ሆነ። ይህን አራቱም ፋይሎች ላይ አድርጌዋለሁ።

የስልኩ ችግር ደግሞ ሌላ ነው። እስከ ኬክ ቆረሳው ድረስ ፍጹም ነው። ኬኩ ሲገባ የአዳራሹ መብራት ጠፍቶ ሻማው እስኪለኮስ 15 ሰከንድ ያህል ጨለማ ነበር። መብራቱ ከመጣ በኋላ ያለው ሁሉ ድምፁ 3 ሰከንድ ዘግይቷል። ከዚያ ወዲያ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የመቅረጫው ድምፅ ብቻ ቢሆን ባልገረመኝ፤ የስልኩ የራሱ ድምፅም ከራሱ ምስል ጋር አይገጥምም። ስልኩ ላይ ሳየው ግን ደህና ነው።

ምርቃት ድጋሚ አይቀረጽም። ቤተሰቡ እስከ እሑድ ጊዜ ሰጥቶኛል። ከየት ልጀምር?

ፈጣን እጅ፦

ሰላም ወንድሜ። ይህ ሁሉም ሰው የሚገጥመው ነገር ነው። መቅረጫው በ48 ሲሆን የፕሮጀክትህ ማስተካከያ 44.1 ላይ ሆኖ ይሆናል። 48 አድርገውና እንደገና አውጣው፤ ያልቃል።

ሽቦ ጠቅላይ፦

አያልቅም። በ48 ሺህ የተቀዳ ድምፅ በስሕተት በ44.1 ሺህ ቢጫወት አንዱ ሰዓት 65 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ይሆናል። አያትየውም ጉሮሯቸው ወፍሮ ከዋሻ ውስጥ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። ጠያቂው ድምፅ ተለወጠ አላለም፤ ልዩነቱ በየደቂቃው እየሰፋ ሄደም አላለም። ሕመምተኛው ተናግሮ ሳይጨርስ መድኃኒት አይታዘዝ።

ልጄ፣ አንተ ግን በደንብ ጽፈሃል። ርቀቱን በእርምጃ መለካትህ ደስ አሰኝቶኛል፤ ግማሹን መልስ የያዘው እሱ ነው። የቀረውን ግማሽ ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስታቀናብር የምታዳምጠው በምንድን ነው? ገመድ ባለው ማዳመጫ ነው፣ በስፒከር ነው ወይስ ጆሮ ውስጥ በሚወሸቀው ገመድ አልባ ነገር?

ካሜራ ያዥ ከአዳማ፦

በገመድ አልባው ነው ጋሼ። ማታ ማታ ቤት ውስጥ ሕፃን ስለሚተኛ ስፒከር አልከፍትም። ገመድ ያለው ደግሞ ተበጥሶብኛል። ለሰውየውም ያደረግሁለት ይህንኑ ነው።

ሽቦ ጠቅላይ፦

እንግዲያው ቴሌቪዥኑን ይቅርታ ጠይቀው።

ገመድ አልባ ማዳመጫ ድምፁን ከኮምፒውተሩ ተቀብሎ፣ አጭቆና ፈትቶ ጆሮህ እስኪያደርስ ድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ በተለመደው ብሉቱዝ ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ቢሆን አይገርምም። ዘፈን ስትሰማ አይታወቅህም። ፊልም ስታይም ማጫወቻው ብዙ ጊዜ መዘግየቱን አስልቶ ምስሉን ስለሚያቆይልህ አይታወቅህም። የማቀናበሪያ ፕሮግራም ግን እንዲህ ያለ ውለታ ይውልልሃል ብለህ አትጠብቅ። ምስሉን አሁን ያሳይሃል፣ ድምፁ ከኋላ እየሮጠ ይመጣል።

አሁን ሰባቱን ፍሬም እንቁጠራቸው። በ25 ፍሬም አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ 28 ሜትር ለመጓዝ 82 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ፍሬም ይፈጅበታል። የካሜራህ ማይክ አያትየውን የሰማው ካየው ከሁለት ፍሬም በኋላ ነው። መቅረጫህ ግን ሚክሰሩ ላይ ስለተሰካ ወዲያው ነው የሰማው። ፕሮግራሙ ሞገድና ሞገድ ሲያገጥም ምስል አያይም፤ ትክክለኛውን ድምፅ ጎትቶ ከዘገየው ድምፅ ጋር አሰለፈልህ። ስለዚህ ድምፁ በእውነት ሁለት ፍሬም ዘግይቶ ነበር፤ ጆሮህ አልዋሸም። የቀሩት አምስቱ ፍሬሞች፣ ማለትም 200 ሚሊሰከንዱ፣ የማዳመጫህ ናቸው። ሁለቱን ማስተካከል ነበረብህ፤ ሰባቱን አስተካከልክ። ካፌው ቴሌቪዥን ላይ ድምፁ በአምስት ፍሬም የቀደመው ለዚህ ነው።

ድምፅ መቅደሙ ከመዘግየቱ ይብሳል። ማዶ ተራራ ላይ እንጨት የሚፈልጥ ሰው አይተህ ታውቃለህ፤ መጥረቢያው ይወርዳል፣ ድምፁ ቆይቶ ይደርስሃል፤ ማንም አይደነቅም። ድምፁ ቀድሞ መጥረቢያው ኋላ ቢወርድ ግን ታማትብ ነበር። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለቴሌቪዥን ስርጭት ያወጣው መመሪያም ይህንኑ ነው የሚያሳየው። ተመልካች መዛነፉን ማወቅ የሚጀምረው ድምፁ በ45 ሚሊሰከንድ ሲቀድም ነው፤ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ድረስ አያውቀውም። የአንተ ደግሞ 200 ቀድሟል። አስተናጋጇ ብትስቅ አይፈረድባትም።

ሥራህ ይህ ነው። ገመድ ያለው ማዳመጫ ተዋስ፤ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ከዚያ ግን ጆሮህንም አትመነው፣ ዓይንህን እመን። እኔ ሁልጊዜ የምፈልገው ከበሮ ነው። ማይክ አጠገብ ከበሮ የምትመታ ሴት ካገኘህ ምስሉን አንድ አንድ ፍሬም እያልክ ሂድ። በአንዱ ፍሬም መዳፏ በአየር ላይ ነው፣ በሚቀጥለው ቆዳው ላይ አርፏል። መዳፉ ያረፈበት ፍሬም ላይ ምልክት አድርግ። ከሥሩ ያለው ሞገድ ላይ ደግሞ እንደ ሾህ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ጫፍ አለ። ሁለቱን አንድ ላይ አቁማቸው። እልልታ ለዚህ አይሆንም፤ መጀመሪያውና መጨረሻው አይለይም። የአዳራሽ ጭብጨባም መቶ ሰው በመቶ ቅጽበት ስለሚያጨበጭብ የተሰባበረ ነው።

ምርቃቱ ላይ ከበሮ ስለሌለ አያትየው «ቤታችሁ ይሙላ» የሚሉበትን ፈልግ። «ቤ»ን ለማለት ከንፈር ከከንፈር ይገናኛል። የሚላቀቅበት ፍሬም አንድ ብቻ ነው፤ ሞገዱም እዚያው ላይ ይፈነዳል። በ«ሀ» እና በ«አ» አትድከም፤ አፍ ተከፍቶ ነው የሚጠብቃቸው። ይህን በመጀመሪያው፣ በመሐልና በመጨረሻው ፋይል ላይ ለካ። ሦስቱም ላይ ልዩነቱ እኩል ከሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግፋት ነው። እያደገ ከሄደ ሌላ በሽታ ነው፤ ተመልሰህ ንገረኝ።

ስልኩን በተመለከተ፣ ካሜራህ ሲጨልም አንተ ነህ የምታስተካክለው፤ ስልክ ግን ሲጨልምበት ራሱ ይወስናል። ብርሃን ለማጠራቀም በሰከንድ 30 የነበረውን ወደ 24 ዝቅ ያደርጋል። በ15 ሰከንድ ጨለማ 450 ፍሬም መቅረጽ ሲገባው 360 ቀረጸ፤ 90 ጎደለ። ፕሮግራምህ እያንዳንዱ ፍሬም መቼ እንደተነሣ የተጻፈውን ሳያነብ ሁሉንም በ30 ሂሳብ ደረደራቸው። 90 ለ30 ሲካፈል 3 ሰከንድ። ምስሉ በዚያ ልክ አጠረና ቀደመ፣ ድምፁ ወደ ኋላ ቀረ። ስልኩ ሲያጫውተው ደህና የሆነው የተጻፈውን ሰዓት ስለሚያነብ ነው።

ሚዲያኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርደህ ፋይሉን ክፈትበት። የፍሬም ዓይነቱ ተለዋዋጭ ነው ካለህ ክርክሩ አበቃ። ከዚያ ሃንድብሬክ በሚባለው፣ እሱም ነፃ ነው፣ ቋሚ ፍሬም የሚለውን መርጠህ አዲስ ፋይል አውጣ። የቆረጥከውን ሁሉ በአዲሱ ፋይል ተካው እንጂ 3 ሰከንድ እየገፋህ አትጠግነው፤ ጨለማው ውስጥ ያሉት 15 ሰከንዶች እንደተበላሹ ይቀራሉ። ሻማው የሚለኮሰው ደግሞ እዚያ ነው።

ለወደፊቱ ስልክህ አይፎን ከሆነ፣ በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ቪዲዮ መቅረጫ የሚለው ሥር ፍሬሙን ራሱ እንዲቀያይር የሚፈቅደውን ቁልፍ አጥፋው። እዚያው የፓል ቅርጾችን አሳይ የሚለውን ብትከፍት 25 ፍሬም ታገኛለህ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርትዝ ስለሆነ የአዳራሹ አምፖልም በ25 ሲቀረጽ አይርገበገብብህም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ የሐበሻ ሰርግና የቤተ ክርስቲያን መርሐ ግብር እቀርጻለሁ። ጋሼ ሽቦ ጠቅላይ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለጠያቂው ባይሆንም የሁለት አገር ቪዲዮ ለሚያቀላቅል ሰው ይጠቅማል።

እዚህ አገር 30 የሚባለው ብዙ ጊዜ 30 አይደለም፤ 29.97 ነው። አሜሪካኖች በ1953 እ.ኤ.አ. የቀለም ቴሌቪዥን ሲያጸድቁ ያመጡት ቅንጣት ነው፤ እስከ ዛሬ እየተከፈለበት ነው። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ የሁለት ሰዓት ሥነ ሥርዓት ይዞ የፋይሉን ባሕርይ ከ29.97 ወደ 30 ቀየረው፤ «ለማስተካከል» ብሎ። መጨረሻ ላይ ካህኑ አሳርገው ወንበራቸው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ድምፃቸው ገና ሰባት ሰከንድ ቀረው። ሂሳቡ በሰዓት 3.6 ሰከንድ ነው። ይህችን ቁጥር በትክክል ካገኛችሁ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

ከአዲስ አበባ የሚላክልኝን የ25 ፍሬም ቪዲዮ ግን እንዳለ አስገባዋለሁ። ፕሮግራሙ ፍሬም እየደገመ ይሞላዋል፤ እንቅስቃሴው ትንሽ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ እንጂ ከድምፁ አይለይም። ፍጥነቱን «ልዛመድ» ያለ ሰው ነው የሚያበላሸው።

ካሜራ ያዥ ከአዳማ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ማዳመጫ ከጎረቤት የሞባይል ጠጋኝ ተውሼ ስሰማው አፈርኩ። አምስት ፍሬም እንዳሉት ነው። «ቤታችሁ ይሙላ» የሚል አላገኘሁም፤ አያትየው ግን «በልጅ፣ በልጅ ልጅ» ብለዋል፤ ሁለት «በ»፣ ሁለቱም ጥርት ያሉ። ከንፈራቸው የሚላቀቅበትን ፍሬም ሳገኝ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። አራቱም ፋይሎች ላይ አምስት አምስት ፍሬም መለስኩ።

ስልኩም ተለዋዋጭ ሆኖ ተገኘ። ሃንድብሬክ ሌሊቱን ሲሠራ አደረ። እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ሄዶ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ እሱን ተዉት። ጠዋት ሦስቱ ሰከንድ ጠፍታለች። ሻማው ሲለኮስና ሰው ሲያጨበጭብ አንድ ላይ ነው።

አሁን ግን አዲስ ነገር አየሁ፤ ምናልባት ቀድሞም ነበረ፣ ሦስቱ ሰከንድ ሸፍኖት ነው። የስልኩንና የመቅረጫውን ድምፅ መጀመሪያው ላይ አገጥማለሁ፣ 1 ሰዓት ከ46 ላይ የመቅረጫው አራት ፍሬም ይዘገያል። መሐሉ ላይ ሁለት ነው። በገመድ ነው የሰማሁት፣ በሞገድም አይቼዋለሁ።

ሽቦ ጠቅላይ፦

መሐሉ ሁለት፣ መጨረሻው አራት። እኩል እያደገ ነው ማለት ነው። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። እያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ ጊዜ የምትቆጥር አንዲት የኳርትዝ ቅንጣት አለች፤ እንደ እጅ ሰዓት። ሁለት የእጅ ሰዓት አንድ ቀን አስተካክለህ ከወር በኋላ እኩል አታገኛቸውም። አራት ፍሬም 160 ሚሊሰከንድ ነው፤ 1 ሰዓት ከ46 ደቂቃ 6,360 ሰከንድ ነው። ስታካፍለው ከሚሊዮን 25 እጅ ይሆናል። ርካሽ ለሆነ ዕቃ የተለመደ ነው።

ድሮ ቤታካም በሚባለው የቴፕ ካሜራ ስንቀርጽ ይህ ጭንቀት አልነበረም፤ ድምፁም ምስሉም አንድ ቴፕ ላይ ነው፤ ቢዘገዩም አብረው ነው የሚዘገዩት። የከበደው ካሜራው ነበር፤ ትከሻዬ ዛሬም ያስታውሰዋል።

ድምፁን በመቶኛ መሳብ የሚወዱ አሉ። ለአራት ፍሬም እኔ አልነካውም። በየ26 ደቂቃው የሚከማቸው አንድ ፍሬም ብቻ ነው። የመቅረጫውን ድምፅ በዚያ አካባቢ ጸጥታ ያለበት ቦታ ላይ ቁረጠው፤ ተናጋሪ ማይክ ሲያቀብል፣ ሽማግሌ ሲተነፍስ። ከጸጥታው አንድ ፍሬም ቀንስና የቀረውን ወደፊት ሳበው። ሦስት ቦታ ይበቃሃል። ዘፈን መሐል ግን እንዳትሞክረው፤ ከበሮው አንድ ጊዜ ይደናቀፋል፣ የሚጨፍር ሰው ሁሉ ይነቃብሃል።

የዋናው ካሜራ ፋይሎች በየግማሽ ሰዓቱ ስለተቆረጡ አያስቸግሩህም። አንድ ዘዴ ግን ልስጥህ። ፋይሉን ከመጀመሪያው ሳይሆን ከመሐሉ አገጥመው። በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚዛነፈው 45 ሚሊሰከንድ ቢሆን፣ መሐሉ ላይ ስታገጥመው ግማሹ ወደዚህ ግማሹ ወደዚያ ይከፈላል፤ ጠርዙ ላይ 22 ሚሊሰከንድ ነው። ይህን ማንም አያውቀውም፣ ያቺ አስተናጋጅም ብትሆን።

ካሜራ ያዥ ከአዳማ፦

ቅዳሜ ማታ ጨረስኩ። አንዱን የቆረጥኩት የሙሽራዋ አባት መነጽራቸውን ሲያወጡ ነው፤ አራት ሰከንድ ሙሉ ዝም ብለዋል፣ ለእኔ ሲሉ የቆዩ ነው የመሰለኝ።

ዛሬ ወንድምየው መጣ። እኔ ራሴ ወደ ካፌው ይዤው ሄድኩ። ቆሞ ነው ያየው። ምርቃቱ ላይ ሲደርስ «አዎ፣ አያታችን ናቸው» አለ። እስከ መጨረሻው አብረን አየን፤ ቡናውንም እሱ ከፈለ። ሊወጣ ሲል ግን መጨረሻ ላይ የሚወርደውን ጽሑፍ አይቶ ተመለሰ። የአባቱን ስም አንድ ፊደል አስቀርቼበታለሁ። አሁን ተመልሼ ቁጭ ያልኩት እሱን ላስተካክል ነው።